የቤት ለቤት ነርሶች ልምድ ይቆጠርላቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ ውስጥ ኃላፊ ነርስ ነኝ። ነርስ ሲቀጠር ፋይሉን መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ስለ ሥራ አጥ የጤና ባለሙያዎች በየቦታው ይወራል። ደግ ነው፣ ይወራ። ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሐኪሞችና ስለ ባለዲግሪዎች ነው። በደረጃ 4፣ ማለትም ከዲግሪ በታች ባለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ ተመርቀው እቤት ስለተቀመጡት ነርሶች ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ ደግሞ ፊት ለፊት የማገኛቸው እነሱን ነው።

ክሊኒካችን አንድ የነርስ ቦታ ሲከፈት፣ ማስታወቂያው በር ላይ ተለጥፎ ውሎ ሳያድር ጠረጴዛዬ በፋይል ይሞላል። አብዛኞቹ የደረጃ 4 ልጆች ናቸው። ቤተሰብ ከጉሮሮው ቀንሶ ለግል ኮሌጅ ከፍሎ ያስተማራቸው ናቸው። ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትነው አልፈዋል፣ የሙያ ፈቃድ አውጥተዋል። ከእነሱ ጋር ግን የዲግሪዎቹም ፋይል አብሮ ይመጣል። ከ2011 ጀምሮ በዲግሪ የተመረቀች ነርስ ብሔራዊ የፈቃድ ፈተና ትወስዳለች። ያንን ሁሉ አልፋ ሥራ ያጣች ልጅ የደረጃ 4 ቦታ ላይ ታመለክታለች፣ በደረጃ 4 ደመወዝ። የክሊኒክ ባለቤት ምን ያድርግ? በአንድ ዋጋ ዲግሪ ካገኘ ዲግሪውን ይወስዳል። በመንግሥት በኩልም ቦታው ጠቧል። ማስታወቂያ ሲወጣ የሚጠየቀው ዲግሪ ነው፣ ካልሆነም የሥራ ልምድ ነው።

ሙያው ከታች በኩል እየተቆረጠ መሄዱ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ድሮ ገጠር ውስጥ ሕክምና ማለት ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢው፣ ነበር። ቀጥሎ ጤና ረዳት መጣ። ጤና ረዳትም ሲቀር ብዙዎቹ ተምረው ነርስ ሆኑ። መንገድ ነበራቸው ማለት ነው። በ2002 ደግሞ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት እንዲሄዱ የተመረጡት ዲፕሎማ ነርሶች ነበሩ። የሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው ሥራ ያዙ። ትልቅ በር ነበር የተከፈተው። ዛሬ ለሚመረቁት ልጆች ግን እንዲህ ያለ በር ሲከፈት አላየሁም።

ሥራው ግን አለ። እዚሁ አፍንጫችን ሥር አለ፣ እኛ የከተማው ዳር ነዋሪዎች በምንኖርባቸው ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ።

ኮዬ ፈጬን፣ ቦሌ አራብሳን፣ የካ አባዶን የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ብዙዎቹ ብሎኮች ጂ ፕላስ 4 ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። አባት በስትሮክ አንድ ጎናቸው ሽባ ሆኖ ከሆስፒታል ወጡ እንበል። አራተኛ ፎቅ ለማውጣት የሠፈር ጎረምሳ ተሰብስቦ በወንበር ይሸከማቸዋል። አንዴ ከወጡ ለቁጥጥር ማውረዱ ፈተና ነው። ልጆቻቸው ሥራቸው መሀል ከተማ ነው። አውቶቡስ ለመያዝ ገና ሳይነጋ ይወጣሉ፣ ማታ ደክመው ይገባሉ። ድሮ ቢሆን ጎረቤት አለ፣ የእድር ሰው አለ፣ የሠፈር እናቶች ተራ ገብተው ያስታምማሉ። ብዙዎቻችን ግን ከመሀል ከተማ ተነሥተን በዕጣም በምትክም እዚህ የመጣን ነን። ጎረቤታችንን በቅጡ ያወቅነው ገና አሁን ነው። በአገሪቱ መመዘኛ አንድ የከተማ ጤና ጣቢያ 40,000 ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አልጋ ላይ የዋለን በሽተኛ በየቀኑ እቤቱ ሄዶ የሚያይ ሠራተኛ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ቤተሰብ ነርስ ይቀጥራል። በደላላ፣ በቴሌግራም፣ ወይም «የምታውቂያት ልጅ አለች?» እያለ በዘመድ አዝማድ። የምትመጣውም ሥራ ያጣችው የደረጃ 4 ልጅ ናት።

ባለፈው ክረምት አንዷ ደውላልኝ ሄጄ ነበር። እማማ ከስትሮክ በኋላ አልጋ ላይ ናቸው፣ ልጅቷ ከሁለት ዓመት በላይ አብራቸው ሆናለች። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ግድግዳው ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ ይላል፣ ከጎኑ ሰዓቱ። በየሁለት ሰዓቱ እንደምታገላብጣቸው የጻፈችበት ነው። ሌሊቱም ተሞልቷል። በጉልበታቸው መሀል ትራስ አለ። ስታበላቸው ቀና አድርጋ በትራስ ደግፋ ነው፣ ትን እንዳይላቸው። የጠራችኝ ከወገባቸው በታች አጥንቱ ጎላ ያለበት ቦታ ላይ ቆዳው ቀልቶ ስላየች ነው። በጣቷ ስትጫነው ቅላቱ አልጠፋም። የአልጋ ቁስል አጀማመሩ እንዲህ ነው። ቆዳው ሳይከፈት ደረሰችበት፣ ቁስልም አልሆነም። አንድ ነርስ እንዲህ ስትሠራ ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልችልም። ሆስፒታል ተኝተው የአልጋ ቁስል ይዘው የሚመጡ ስንት በሽተኞች አሉ!

ይቺው ልጅ ክሊኒካችን ቦታ ሲወጣ አመልክታ ነበር። ሲቪዋ ላይ «የሥራ ልምድ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ለምን ባዶ ተውሽው ስላት «ሲስተር፣ ማን ደብዳቤ ይጽፍልኛል?» አለችኝ። ቀጣሪዋ ቤተሰብ ነው። ማኅተም የለውም። ውል አልተፈራረሙም። ግብርም ጡረታም አልተከፈለላትም። ስለዚህ በወረቀት ላይ ከተመረቀችበት ቀን ጀምሮ እቤቷ እንደተቀመጠች ትቆጠራለች፣ ዜሮ ዓመት። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ልጆቹ ሥራ የላቸውም ይባላል እንጂ እየሠሩ ነው። የሚሠሩት ሥራ ነው እንደ ሥራ የማይቆጠረው።

ለበሽተኛውም ቢሆን ጥሩ አይደለም። አንዲት ልጅ ለብቻዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ስትሠራ ከበላይዋ የሚጠይቃት፣ የሚያርማት፣ ሲጨንቃት የምትደውልለት ሰው ያስፈልጋታል። ቤተሰብ «ደክመዋል፣ ግሉኮስ ስቀይላቸው» ይላታል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሆንም ብትል «ታዲያ ምን ነርስ ነሽ?» ትባላለች። ልባቸው ለደከመ ሰው እንዲያው የሚሰቀል ግሉኮስ ሳንባ ውስጥ ውኃ ሊያስቋጥር እንደሚችል ቤተሰብ ከየት ያውቃል? የሽንት ካቴተር መቼ እንደሚቀየር የሚከታተል የለም። የስኳር በሽተኛ ኢንሱሊን የተወጋበት መርፌ ደግሞ በፌስታል ታስሮ ከቤት ቆሻሻ ጋር ይወጣል። ያንን ፌስታል በእጁ የሚያነሣው የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ልጅ እጁን ሲወጋ ማን ነው ተጠያቂው?

ስለ ልጆቹ ደህንነትም ሳልናገር አላልፍም። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ እዚያው ያድራሉ። ሲስተር እየተባሉ ወጥ ይሠራሉ፣ ቤት ይጠርጋሉ፣ ልብስ ያጥባሉ። የመጀመሪያ ወር ደመወዛቸውን ደላላ የሚወስድባቸው አሉ። ሌሊት በሰላም እንዳይተኙ የሚያደርጋቸው ሰው ያለበት ቤት ገጥሟቸው በሌሊት የወጡም አሉ። መሄጃ ሲጠፋቸው ዲፕሎማቸውን ሻንጣ ውስጥ ከተው ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱትን ሳይ ልቤ ይደማል።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር አያውቀውም ማለት አይደለም። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ኤል ፒ ኤን ናት፣ የእኛን ደረጃ 4 የሚመስል ሙያ ነው። አንድ ዓመት ገደማ ይማራሉ፣ ከዚያ አገር አቀፍ የፈቃድ ፈተና አለ። እዚያም ሆስፒታሎች ፊታቸውን ወደ ባለዲግሪዎቹ አዙረዋል። ኢንስቲትዩት ኦፍ ሜዲስን የተባለው ተቋም በፈረንጆቹ 2010 ባወጣው ሪፖርት፣ እስከ 2020 ድረስ ከነርሶች 80 በመቶው ባለዲግሪ እንዲሆኑ መክሮ ነበር። ኤል ፒ ኤኖቹ ግን ሜዳ ላይ አልቀሩም። ብዙዎቹ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማትና በሽተኛ በየቤቱ የሚታይበት አገልግሎት ውስጥ ናቸው። የሚሠሩት በሌላ ነርስ ወይም በሐኪም ሥር ነው። ደመወዙና ፈቃዱ በሕግ ነው። ከፍ ማለት ለሚፈልጉ የተማሩት ተቆጥሮላቸው ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያሻግር ትምህርት አለ። የአክስቴ ልጅ የአረጋውያን ቤት እየሠራች ነው አሁን የምትማረው። አሜሪካ ሀብታም ስለሆነች ነው ትሉኝ ይሆናል። ውል መፈራረምና ልምድ መመዝገብ ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

እኛ ጋ ሊሆን ይገባል የምለውን ልናገር። አንዲት የደረጃ 4 ነርስ ቤት ለቤት ስትሠራ ከአንድ ክሊኒክ ወይም ጤና ጣቢያ ጋር ተያይዛ ትሥራ። ውሉ እዚያ ይፈረም፣ ቤተሰቡ ክፍያውን በዚያ በኩል ይክፈል፣ ቅጥሯም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመዝገብ። አንድ ልምድ ያላት ነርስ በየጊዜው እየሄደች በሽተኛውን ትይ፣ መዝገቡን ትፈርም። ለመርፌ የሚሆን የሴፍቲ ቦክስ ካርቶን ከክሊኒኩ ይወሰድ፣ ሲሞላ ይመለስ። ይህንን በየክሊኒኩ የሥራ ፈቃድ ውስጥ እንደ ግዴታ ለማዘዝ ጤና ቢሮና ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን አቅሙ አላቸው። እኛ አካባቢ ደግሞ መንገዱን ስትሻገር ሸገር ከተማ ነው፣ ፈቃድ የሚሰጠውም ሌላ ነው። ሁለቱ ከተሞች በዚህ ላይ ቢነጋገሩ ለነዋሪው ትልቅ ነገር ነው።

ኮሌጆችንም አንድ ነገር ልለምን። ተማሪ ስትመዘግቡ የምታሳዩት ፎቶ ሆስፒታል ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ነው። ለልምምድ የምትልኳቸውም ሆስፒታል ነው፤ አንድ አልጋ ዙሪያ ተኮልኩለው ቆመው ይመለሳሉ። ስትሮክ የያዘውን ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ማሻገር፣ በአፍንጫ በገባ ቱቦ መመገብ፣ የመርሳት ችግር ያለባቸውን አረጋዊ ሳያስደነግጡ ማጠብ፣ ስኳር የጎዳውን እግር በየቀኑ ማየት በደንብ ይማሩ። ነገ የሚጠብቃቸው ሥራ ይህ ነው። ለሚመዘገቡትም ከመጀመሪያው ቀን እቅጩን ንገሯቸው።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ፣ አሁን እቤታችሁ ነርስ ያለቻችሁ ቤተሰቦች እጃችሁ ላይ ያለ ነገር አለ። ስትቀጥሯት የሙያ ፈቃዷን እዩ። የምትሠራውንና የማትሠራውን፣ የእረፍት ቀኗን፣ ደመወዟን በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ስትለቅ ደግሞ ደብዳቤ ጻፉላት። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራች፣ በሽተኛው ምን ሕመም እንደነበረበት፣ ምን ምን ታደርግ እንደነበር ይጻፍ። ስልካችሁን አስቀምጡበት፣ ፈርሙበት። ማኅተም ባይኖረውም ግድ የለም። እኔ የምሠራበት ክሊኒክ ባለቤት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዛ የምትመጣ ልጅ ልምድ እንዳላት እንድትታይ ተስማምቷል። ደብዳቤው ሲመጣ ቤተሰቡ ጋ ደውዬ አጣራለሁ፣ ከዚያ ፋይሏ ልምድ ካላቸው ጋር ይቀመጣል። የሌሎች ክሊኒኮች ኃላፊዎችም ይህን ካነበባችሁ ባለቤቶቻችሁን አነጋግሩ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ነርስ፣ ከቱሉ ዲምቱ