ፊት ያብባል ወይስ ይፈካል?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ግንቦት 12

ለውዲቱ ጓደኛዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም። እናቴ ካረፈች በኋላ እጄ ብዕር አልይዝ አለኝ፤ ቀኑ በገፋ ቁጥር ደግሞ ኀፍረቱ በረታብኝ። ይቅር በዪኝ።

ዛሬ ያስጻፈኝ ደጃችን ላይ ያለው የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ገና ሳይሞላ ቀይ በቀይ ሆኗል። የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ሆኖ ሳለ በከተማችን ስም መጠራቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከሥሩ ቁጭ ብዬ አንዲት የረገፈች አበባ በመዳፌ ይዤ አየኋት፤ አራቱ ቅጠሎቿ ደማቅ ቀይ ናቸው፣ አምስተኛዋ ግን ነጣ ብላ በቀይ ነጠብጣብ ተዥጎርጉራለች። አጠገቤ ቲማቲም የምትሸጠው እናት አየት አድርጋ በኦሮምኛ «ደራራ» አለች። ሶማሌዋ ጎረቤታችንም ለልጇ ያወጣችላት ስም ኡባህ ነው፤ ያው አበባ ማለት።

ያን ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ድርሰትሽ ትዝ አለኝ። «ፊቷ አበበ» ብለሽ ብትጽፊ መምህራችን በቀይ ሰርዘው «ፊት ይፈካል እንጂ አያብብም» አሉሽ። አንቺ እንባሽ እየወረደ ስትከራከሪ እኔ ከእሳቸው ጋር ወገንኩ።

ነገሩን እስከ ዛሬ ሳስበው ኖሬያለሁ። ፈካ የምንለው የተዘጋ ነገር ተከፍቶ ሲበራ ነው። እምቡጥ ይፈካል፤ ሰማይ ዝናብ ካባራ በኋላ ይፈካል፤ በቆሎም ምጣድ ላይ ጧ ጧ እያለ ይፈካል። ፈንዲሻውን «አበበ» የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አበበ ግን ወደ ፊት የሚያይ ቃል ነው፤ ከኋላው ፍሬ ይጠበቃል። የሐረርጌ ቡና ዝናብ ሲያገኝ ያብባል፤ ነጩ አበባ በጥቂት ቀናት ይረግፍና ፍሬው ይቋጥራል። በለጋነቱ የሞተውን «አብቦ ሳያፈራ ተቀጨ» ብለን የምናለቅስለትም ለዚሁ ነው። ስንዴና ገብስ እንኳ አበባቸው ለዓይን ስለማይሞላ ገበሬው «አዘረዘረ» ይላል እንጂ አበበ አይልም።

አበበ ማለት የሆነውን የግዕዙን ጸገየ እናቴ ነበረች የምትወደው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 የጽጌ ቀናት በፈቃዷ ስትጾም፣ ጽጌ የሚለውን ቃል ስትጠራው ድምጿ ዝቅ ይል ነበር። ቃሉ በገበያና በጓዳ አይነገርም፤ ቦታው ዜማና የሰው ስም ነው። እሷ ከሄደች ወዲህ ጥቅምት ሲመጣ ይከብደኛል።

ወደ ድርሰትሽ ልመለስ። የጻፍሽው ስለ ታላቅ እህትሽ ነበር፤ ልጅ ለማግኘት ስንት ዓመት ስትሳል ቆይታ ማርገዟን ለእናታችሁ ስለነገረችበት ቀን። ዛሬ አበባዋን እንደያዝኩ ነው ይህ የታወሰኝ። ፊቷ ፈክቶ ብቻ አልነበረም፣ ፍሬ ይጠበቅ ነበር። የመረጥሽው ቃል ትክክል ነበር፤ የሳትነው መምህሩና እኔ ነን።

ይህን በደብዳቤ ሳይሆን አጠገብሽ ተቀምጬ ብነግርሽ ምንኛ በወደድኩ። አምስተኛዋን ቅጠል በወረቀቱ ውስጥ አጥፌልሻለሁ፤ ስትደርስሽ ቀለሟ ደብዝዞ ይሆናል። እህትሽንና ያን ጊዜ በሆዷ የነበረውን ልጅ ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ እህትሽ