ሙዚቃው ሳይከፈት በሩን ክፈቺው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጓደኞችሽ ጋር ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ መጋዘን ተከራይታችሁ የሙዚቃ ድግስ ልታዘጋጁ መሆኑን ሰምቻለሁ። ድግሱን ተዉት አልልሽም። ብከለክልሽ የሚቀረው ድግሱ ሳይሆን ለእኔ መንገርሽ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍልሽ፤ ለጓደኞችሽም አንብቢላቸው።

ያላችሁበት ከተማ ይህን መከራ ያውቀዋል። ዲሴምበር 2 ቀን 2016 ማታ፣ ፍሩትቬል ሰፈር ጎስት ሺፕ ይባል በነበረ መጋዘን 36 ሰው አለቀ። እሳቱ በምን እንደተነሳ መርማሪዎች በእርግጠኝነት ሊለዩ አልቻሉም። ሰዉ ለምን መውጣት እንዳቃተው ግን ይታወቃል። በጣሪያው ላይ ውሃ የሚረጭ ስፕሪንክለር አልነበረም። ምድር ቤቱ በእንጨት፣ በአሮጌ የቤት ዕቃና በጨርቅ ተጣቦ ነበር። ድግሱ ደግሞ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሁለት ደረጃ ቢኖርም አንዱም በቀጥታ ወደ ውጭ በር አያደርስም። የሞቱት ጭስ አፍኗቸው ነው።

እሳት የሚነሳበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም መቆጣጠር አይቻልም። መውጫው ግን በእናንተ እጅ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቦታውን በቀን ሂጂና እዪ። እያንዳንዱን በር በራስሽ እጅ ክፈቺ፣ እስከ መንገዱ ድረስ ውጪበት። ወደ ታጠረ ግቢ የሚያስወጣ በር መውጫ አይባልም። ተጠቅልሎ የሚከፈት የብረት መዝጊያም አይቆጠርም፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ሐዲዱ ሲጣመም ባለበት ይቀራል። ከ49 ሰው በላይ የሚገባ ከሆነ ቢያንስ ሁለት መውጫ ያስፈልጋል፤ በሮቹም ወደ ውጭ የሚከፈቱ ይሁኑ። ሰው ከኋላ ሲገፋ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አይከፈትም። ሁለቱ በሮች ጎን ለጎን ከሆኑ አንድ እሳት ሁለቱንም ይዘጋቸዋል፤ ስፕሪንክለር በሌለበት ቤት በመካከላቸው ያለው ርቀት ቢያንስ ከክፍሉ ሰያፍ መስመር (ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን) ግማሽ መሆን አለበት። ሰው በነጻ እንዳይገባ ብላችሁ የኋላውን በር በሰንሰለት እንዳታስሩ፤ ሰው አቁሙበት።

የደረጃው ነገር ከሁሉም በላይ ያስጨንቀኛል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 መጨረሻ፣ ስዊድን ውስጥ ዮተቦሪ ከተማ፣ ለ150 ሰው በተፈቀደ የማኅበር አዳራሽ ወደ 400 የሚጠጉ ወጣቶች ለጭፈራ ተሰብስበው ነበር። አብዛኞቹ የስደተኛ ልጆች ናቸው። እሳቱ የተለኮሰው በአንደኛው መውጫ ደረጃ ላይ ነው፤ እዚያም ወንበር ተከምሮ ነበር። የቀረው አንድ በር ነው። ሁሉም ወደዚያው ሲሮጡ ተደራርበው ወደቁ፤ 63 ልጆች ሞቱ። ስለዚህ ደረጃ ላይ አንድ ወንበር፣ አንድ የቢራ ሣጥን እንኳ አይቀመጥ።

የሰዉን ቁጥር በግምት አትወስኑ። ለጭፈራ የሚውለውን ወለል ለኩ፣ መድረኩን፣ ባሩንና ስፒከሩን ቀንሱ፣ ለአንድ ሰው 7 ስኩዌር ፊት አስቡ። 20 በ35 ፊት ቢሆን 700 ነው፤ 100 ሰው። ከዚያ መውጫውን አስሉ፤ ለአንድ ሰው በበር 0.2 ኢንች፣ በደረጃ 0.3 ኢንች ስፋት። 36 ኢንች ስፋት ያለው ደረጃ 120 ሰው ይችላል። ከሁለቱ ስሌት ትንሹን ያዙ፤ በር ላይም አንድ ሰው መቁጠሪያ ይዞ የገባውንም የወጣውንም ይቁጠር።

ለጌጥ የምትሰቅሉትን ጨርቅ ውጭ አውጥታችሁ ፈትኑት። ግማሽ ኢንች በ4 ኢንች ቁራጭ በብረት መቆንጠጫ ይዛችሁ ከታች በክብሪት 12 ሰከንድ ለኩሱት። እሳቱን ስታነሱ ከ2 ሰከንድ በላይ ከነደደ ወይም እየነደደ ከተንጠባጠበ አይሰቀል። ድምፅ ለማፈን ግድግዳ ላይ ስፖንጅ አትለጥፉ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2003 ሮድ አይላንድ ውስጥ ስቴሽን የሚባለው የምሽት ክበብ የነደደው የመድረክ ርችት እንዲህ ያለ ስፖንጅ ነክቶ ነው። በ90 ሰከንድ ውስጥ ክፍሉ ሰው በሕይወት የማይቆይበት ሆነ፤ 100 ሰው ሞተ። ርችት፣ ሻማ፣ ችቦ ቤት ውስጥ አይገባም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ባለ 15 አምፔር ብሬከር በ120 ቮልት የሚችለው 1,800 ዋት ነው። ለሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ ዕቃ ግን 80 በመቶውን፣ ማለትም 1,440 ዋትን አትለፉ። አንድ የክፍል ማሞቂያ ብቻውን 1,500 ዋት ይበላል፤ እሱ ይቅር። ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ አትቀጥሉ፣ በምንጣፍ ሥር አታሳልፉ፣ እንደተጠቀለለም አትጠቀሙበት፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ስለሌለው ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ብሬከሩ ከወደቀ ጭነት ቀንሱ እንጂ ደጋግማችሁ አታንሱት። ጀነሬተር ካላችሁ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 20 ፊት ርቆ ውጭ ይቀመጥ።

ቡና ማፍላት እንደማይቀር አውቃለሁ። በከሰል ግን አይሁን። ከሰል በተዘጋ ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል። አመድ የለበሰ ፍምም ለብዙ ሰዓት አይጠፋም። በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት፣ መስመሩንም ከስፒከሩ ለዩት።

የመድረክ ጭስ ማሽን ስትከራዩ የጭስ ጠቋሚው እየጮኸ ያስቸግራል። ብዙዎች በፕላስቲክ ይሸፍኑታል፤ ይህን እንዳታደርጉ፣ ማሽኑ ይቅር። ሰው እውነተኛውን ጭስ የመድረክ ጭስ እየመሰለው ቆሞ ያያል፤ በዚያ መሐል ያለችው ደቂቃ አትመለስም።

በዕለቱ ሥራ ተከፋፈሉ። ለየመውጫው አንድ ያልጠጣ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ይቁም። ዲጄው አደራ አለበት፤ የእሳት ምልክት ሲያይ መጀመሪያ ሙዚቃውን ያጥፋ፣ ሁለተኛ መብራቱን ሁሉ ያብራ፣ ከዚያ በማይክ በየት በር እንደሚወጣ ይናገር። ሙዚቃው እየጮኸ ሰው አይሰማም። የእሳት ማጥፊያው የግፊት መለኪያ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን እዪ። ቀለበቱን ነቅለሽ፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥረሽ፣ እጀታውን ጨምቀሽ ግራ ቀኝ አወዛውዢ። አነስተኛው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያህል ብቻ ይሠራል፤ ስለዚህ ከቆሻሻ ቅርጫት ለበለጠ እሳት አትሞክሪው። ጀርባሽ ሁልጊዜ ወደ በሩ ይሁን። ጭስ ካለ ዝቅ ብለሽ ውጪ፣ ለቦርሳና ለስልክ አትመለሺ።

ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 ለመደወልም አትፍሩ። ከጎስት ሺፕ በኋላ በየከተማው አርቲስቶች ከመጋዘን ስለተባረሩ ባለሥልጣን መጥራት የሚፈሩ ልጆች እንዳሉ ይገባኛል። ቦታ ግን እንደገና ይገኛል።

ቅዳሜ ቦታውን ስታዪ ሜትር ይዘሽ ሂጂ። የበሮቹንና የደረጃውን ስፋት ለክተሽ ላኪልኝ፤ የስንት ሰው ቲኬት እንደምትሸጡ አብረን እናሰላለን።

አባትሽ