ለቶርኗችን ዓይን እንግዛለት

ውድ የጎጃም ልጆች፣ በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ፤

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የተሰበረ የወፍጮ ሻፍት (የሚዞር የብረት ዘንግ) በማዳበሪያ ጠቅልለው ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ፣ በጋራ ወደምንሠራበት ወርክሾፕ መጡ። ብረትን እያዞረ በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚቀርጸው ማሽን፣ በሲኤንሲ ቶርኗችን፣ አዲስ ሠራንላቸው። የኩሽኔታው (ሻፍቱን ይዞ በቀላሉ የሚያዞረው ቀለበት) መቀመጫ 40 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት፤ የማሽኑ ስክሪንም 40 ይላል። በካሊበር ስንለካው 39.7 ሆኖ ተገኘ። ኩሽኔታው ሲገባ ልል ሆነ፣ በእጅ ሲነኩት ይወዛወዛል። ብረቱም የቀኑ ድካምም ከንቱ ቀረ። እሳቸው ምንም ሳይናገሩ ማዳበሪያቸውን አጥፈው ሄዱ፤ እኛን ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

የማሽኑ ብረት ጤነኛ ነው፤ ሞተሮቹም ይሠራሉ። የደከመው ኢንኮደሩ ነው፤ ሞተሩ በዞረ ቁጥር ምልክት እየላከ መቁረጫው የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሴንሰር ማለት ነው። አርጅቷል፣ ዘይት ገብቶበታል፤ ሲሞቅ ቆጠራ ይዘላል። ቶርኖ ላይ ደግሞ ስህተት እጥፍ ነው፦ መቁረጫው 0.1 ሚሊ ሜትር ቢስት የሻፍቱ ውፍረት በ0.2 ይዛነፋል። ኩሽኔታው ጠብቆ እንዲቀመጥ ግን ውፍረቱ ከ40.002 እስከ 40.018 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ መውደቅ አለበት።

የሞተሮቹን ኢንኮደር ብቻ ለውጡ ያሉን አሉ። ርካሽ ነው፤ አልተቀበልነውም። መቁረጫውን የሚገፋው ረጅም ብሎን በዕድሜ ተበልቷል፣ ሞተሩ ላይ ያለ ሴንሰር ደግሞ ይህን አያይም። ተንሸራታቹ ላይ የሚገጠም የመስታወት መለኪያ ግን መቁረጫው በእውነት የሄደውን ያነባል። ስለዚህ መቁረጫው ለሚሄድባቸው ሁለት አቅጣጫዎች ሁለት የመስታወት መለኪያ፣ ለሞተሮቹ አዲስ ኢንኮደር፣ ብረቱን ለሚያዞረው ዋና መዞሪያም አንድ ኢንኮደር እንፈልጋለን፤ ያለ እርሱ የብሎን ጥርስ ማውጣት አይቻልም። መቆጣጠሪያው በነጻ በሚገኘው ሊኑክስ ሲኤንሲ ስለሚሠራ ለሶፍትዌር ብር አንጠይቅም። የገጠማው ጉልበትም የእኛ ነው።

የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ማቅረቢያ ወርክሾፑ በር ላይ ተለጥፏል፤ የቻላችሁትን በደረሰኝ ስጡን። ከውጭ የምትመጡ ኢንኮደሩን በእጅ ሻንጣ ልታመጡልን ትችላላችሁ፤ ረጅሙን የመስታወት መለኪያ ግን እባካችሁ ያለ እንጨት ሳጥን እንዳትሞክሩት። የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ደግሞ ለሴንሰሩ ገመድ ዝርጋታ አንድ ቅዳሜ ስጡን።

የጤፍ አጨዳ አልቆ ወፍጮ ቤቶች ወረፋ ሳይበዛባቸው፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገጥመን መጨረስ እንፈልጋለን። የመጀመሪያው ሻፍት የእኚያ እናት ነው፤ ብረቱን ቆርጠን አስቀምጠንላቸዋል።