ኩሬ ልታስቆፍሩ ላሰባችሁ ደንበኞቻችን፦ ማሽን ከመምረጣችሁ በፊት

ጤና ይስጥልን ውድ ደንበኞቻችን፣

በጋ ሲገባ ስልካችን አያርፍም። ከዘጌ፣ ከደራ፣ ከፎገራ፣ ከመርዓዊ ትደውላላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ለዓሣ፣ ሌሎቻችሁ ለአትክልት መስኖ ኩሬ ትፈልጋላችሁ። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ «ዶዘር በሰዓት ስንት ነው?» እኛም መልሰን «አፈሩን የት ልታደርጉት ነው?» እንላለን። የማሽኑ ምርጫ የሚወሰነው በዚህ ነውና ቅር አይበላችሁ።

እስቲ እናስላው። 20 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ፣ በአማካይ 1.5 ሜትር የሚጠልቅ ኩሬ 300 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣዋል። አፈር ሲቆፈር ይነፋል፤ የእኛ አገር ዋልካ በሩብ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ የምታነሱት 375 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ (ገልባጭ መኪና) ካጓጓዛችሁት 24 ምልልስ ማለት ነው። ቁፋሮውን ባለ 20 ቶን ኤክስካቫተር (በክንዱ አፈር የሚዝቅ መቆፈሪያ ማሽን) ደህና ኦፕሬተር ካገኘ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ ገንዘባችሁን የሚበላው ጭነቱ ነው። አፈሩ እዚያው የኩሬው ዳር ክትር ሆኖ ከቀረ ግን ሲኖ ጨርሶ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ለአብዛኞቻችሁ የምንመክረው ባለ ቼን ኤክስካቫተር ነው። ጭቃው ውስጥ ሳይገባ ዳር ቆሞ ይቆፍራል፣ ዙሪያውን ይዞራል፣ ክንዱ ወደ 9 ሜትር ይደርሳል፣ ያወጣውን እዚያው ጎኑ ላይ ይከምራል። ጠባብና ረጅም ኩሬ ከሆነማ የሚተካከለው የለም።

አፈር በፊቱ እየገፋ የሚሄደው ዶዘር የሚያዋጣው ኩሬው ሰፊ፣ ጥልቀቱ ትንሽ፣ መሬቱ ደረቅ ሲሆን፣ አፈሩም በ50 ሜትር ርቀት ውስጥ ተገፍቶ የሚያልቅ ከሆነ ነው። ከዚያ ከራቀ ናፍታ መጨረስ ብቻ ነው። ደግሞ ብዙ ሰው «ዶዘሩ ስለሄደበት ክትሩ ተጠቅጥቋል» ይላል። አልተጠቀጠቀም! የዶዘር ቼን የተሠራው ክብደቱን ሰፊ ቦታ ላይ እንዲበትን ነው። ውሃ የሚይዝ ክትር የምትፈልጉ ከሆነ አፈሩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር እየተነጠፈ፣ በልኩ እየረጠበ፣ ባለ ጥርስ ሮለር ሊመላለስበት ይገባል። እዚህ ላይ እባካችሁ አትቆጥቡ፤ ክትሩ ከሰረገ የቆፈራችሁበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ለትንሽ የጓሮ ኩሬ ባክሆ ሎደር (ከፊት መጫኛ፣ ከኋላ መቆፈሪያ ያለው ባለ ጎማ ማሽን) ይበቃል። በራሱ ጎማ ስለሚመጣ የሎቤድ (ከባድ ማሽን ጭኖ የሚያመጣ ተሳቢ መኪና) ኪራይ ይቀርላችኋል። በእርጥብ ዋልካ ግን ጎማው ይሰምጣል፣ እሱን ለማውጣትም ሌላ ማሽን ትከራያላችሁ።

አፈሩስ? ዋልካ ውሃ በመያዝ ጎበዝ ነው፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፣ ቀጥ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት ደግሞ ይናዳል። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ጥልቀት ጎኑን 2 ሜትር፣ ቢቻል 3 ሜትር ወደ ውጭ አጋድሉት። ይህ የቁፋሮውን መጠን ይለውጠዋልና ከማሽኑ በፊት መወሰን አለበት። እንደ መርዓዊ ያለ ቀይ አፈር ከሆነ ማሽን ከመጥራታችሁ በፊት በአካፋ የሙከራ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉበትና አሳድሩት። ጠዋት ውሃው ከሌለ የምንነጋገረው መጀመሪያ ኩሬው ውስጥ ስለሚነጠፍ ሸክላ አፈር ወይም ስለ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ) ነው።

ሐይቁ ዳር ያላችሁ ጊዜውን አስቡበት። ጣና በመስከረም ሞልቶ በግንቦትና በሰኔ ነው ዝቅ የሚለው፣ ዳርቻው ላይ ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። በኅዳር ብትቆፍሩ ከታች የሚመነጨው ውሃ ማሽኑን ያስቆመዋል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ምቹ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ያላችሁ ደግሞ ክትሩን ከክረምቱ ጎርፍ በላይ አድርጉት፣ አለበለዚያ ዓሣው በነሐሴ ተያይዞ ይሄዳል። ጣናና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ስለተመዘገበ፣ ዳርቻው ላይ ለመቆፈር ያሰበ ሰው አስቀድሞ የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ረግረጉን ለመቆፈር ፈቃድ ሳይኖር ማሽን አንልክም።

አንድ አደራ ደግሞ አለን። ከሌላ ቦታ የመጣ ማሽን ከመሥራቱ በፊት ባኬቱና ቼኑ በደንብ ይታጠብ። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ ቼን ላይ በተጣበቀ ጭቃም ኩሬያችሁ ድረስ ይመጣል። እኛ አጥበን እናመጣለን፤ ከሌላ ብትከራዩም ይህን ጠይቁ።

ስትደውሉልን የቦታውን ፎቶ፣ የሙከራ ጉድጓዱን ውጤት፣ አፈሩ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ እንዲሁም በመንገዱ ላይ ሎቤድ የማያሳልፍ ድልድይ ወይም ጠባብ በር ካለ ንገሩን። እኛም ዋጋውን በሰዓት ብቻ ሳይሆን በጠቅላላ ሥራው አስልተን፣ የሎቤዱን ለብቻው ጽፈን እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማሽን ኪራይ ክፍል፣ ባሕር ዳር