ወንበር ከመቀየርሽ በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጅማ ክረምቱ ገብቷል፤ እኛ ደህና ነን።

የሠራተኛ ማኅበራችሁን እየመራሽ ሳለ ለክልል ምክር ቤት ተወዳደሪ መባልሽን በስልክ ስትነግሪኝ ዝም ያልኩት ከፍቶኝ አይደለም። የደቡብ አፍሪካው ሲሪል ራማፎሳ ትዝ ብሎኝ ነው። የታሪክ አስተማሪ ጡረታ ቢወጣም ማስተማሩን አይተውም፤ እንግዲህ ቻይኝ። ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው።

ሰውየው ሕግ ተምሮ በ1982 የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆነ። በ1987 ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሠራተኛ ለሦስት ሳምንት ሥራ አቆመ። ኩባንያዎቹ በአሥር ሺዎች አባረሩ፤ የተጠየቀው የደሞዝ ጭማሪም አልተገኘም። ማኅበሩ ግን አልፈረሰም። እኔ ከዚህ ሰው ሥራ ሁሉ የማደንቀው ይህን ነው። በ1990 ማንዴላ ከእስር በወጡበት ቀን ኬፕታውን ላይ ሲናገሩ ማይክሮፎኑን ይዞላቸው የቆመው እሱ ነበር። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀውን ጉባኤም መራ፤ አንቀጽ 23 የሥራ ማቆም መብትን ይሰጣል።

ከዚያ ወደ ንግድ ገባ። በ2012 ማሪካና በሚባል የአገሪቱ ስፍራ ያሉ የፕላቲኒየም ማዕድን ቆፋሪዎች ደሞዝ ይጨመርልን ብለው አድማ ሲመቱ እሱ የአሠሪያቸው ኩባንያ የቦርድ አባል ነበር። በዚያ ሳምንት ጥበቃዎችና ፖሊሶች ጭምር ተገድለው ነበርና ድርጊቱ ወንጀል ነው፣ ተመጣጣኝ እርምጃ ይወሰድ ብሎ በኢሜይል ጻፈ። በማግስቱ ፖሊስ 34 ሠራተኞችን ገደለ። አጣሪ ኮሚሽኑ ለግድያው ተጠያቂ አላደረገውም፤ እሱም ኋላ ስለተጠቀመበት ቃል ይቅርታ ጠይቋል። በ2018 ፕሬዚዳንት ሆነ።

ከኮሚሽኑ ጋር ክርክር የለኝም። እኔን የሚከነክነኝ፣ ያን ሳምንት ይጻጻፍ የነበረው ከኩባንያው ኃላፊዎች ጋር መሆኑ ነው። ወንበሩ ሲቀየር ስልክ የሚደውልልሽም ሰው ይቀየራል።

አትግቢ አልልሽም። እዚህ መጋዘን በር ላይ ቡና የሚለቅሙትን ሴቶች ሳይ፣ ምክር ቤት ውስጥ የሠራተኛ ኑሮ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እላለሁ። ግን ከአሠሪው ጋር የያዛችሁት የኅብረት ስምምነት ድርድር ገና አላለቀም ብለሽኛል። ማን ሊጨርሰው ነው? ምክትልሽ ጎበዝ ናት፤ ከአሠሪ ጋር ግን ፊት ለፊት ተቀምጣ አታውቅም። ከአሁኑ ወደ ድርድሩ ይዘሻት ግቢ። መወዳደርሽንም አባላቱ ከፓርቲው ሰዎች ሳይሆን ካንቺ አፍ ይስሙት፤ ጠቅላላ ጉባኤውን ጥሪ። አትወዳደሪ ካሉሽም ምክንያታቸውን አድምጪ።

የጉባኤውን ቀን ስትቆርጡ ደውይልኝ።

አባትሽ