ማሽኑን ሳናይ ራም መሸጥ ያቆምንበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከጥር ወር መጀመሪያ አንሥቶ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝ የማስታወሻ ካርድ) እንዲያው ጠቅልለን መሸጥ አቁመናል። ማሽኑ ሱቃችን መጥቶ ይከፈታል፣ ራሙን እኛው ገጥመን ፈትሸን እናስረክባለን፤ ለሥራውም 300 ብር እንጠይቃለን። በዚህ ብዙዎቻችሁ ተቀይማችኋል። «ለሁለት ደቂቃ ሥራ!» ያላችሁን አላችሁ። ከቢሾፍቱ ድረስ መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁም አላችሁ። አስቀድመን ማሳወቅ ነበረብን፤ ይቅርታ አድርጉልን።

«ገንዘብ ፈልገው ነው» የሚለው ግን ከፍቶኛል።

ባለፈው ኅዳር የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ደንበኛችን «የሸጣችሁልኝ ራም አይረባም» ብሎ ተቆጥቶ መጣ። የወሰደው ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ራም ነበር። ካሱን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ስከፍተው ሁለቱም ለፕሮሰሰሩ (ለኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ቺፕ) በሚቀርቡት ሁለት ስሎቶች (የራም መሰኪያዎች) ጎን ለጎን ተሰክተዋል። ዊንዶውስ 16 ጊጋባይት ብሎ ስለሚያሳይ ሁሉም ደህና ይመስላል። ይሁንና በአብዛኞቹ ባለ አራት ስሎት ማዘርቦርዶች (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ላይ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር አንደኛውና ሁለተኛው ስሎት አንድ ቻናል (መረጃ በራሙና በፕሮሰሰሩ መካከል የሚመላለስበትን መንገድ) ይጋራሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሌላውን። የእርሱ ራሞች አንዱ ቻናል ላይ ተደራርበው ሌላው ባዶውን ተቀምጧል። ዲዲአር4 በሚባለው የራም ዓይነት፣ ፍጥነቱ 3200 ሲሆን፣ አንድ ቻናል በሰከንድ ቢበዛ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ 51.2። ማሽኑ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚሠራ ካርድ) ስለሌለው ደግሞ ምስሉንም የሚሠራው ከዚያው ራም እየተሻማ ነው። ነቀልኳቸው፣ ወርቃማውን ጠርዛቸውን በላጲስ አጸዳሁ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ተጫንኳቸው። ያው ቪዲዮ ሲከፈት መቆራረጡ ቀነሰ።

እርሱ ተመልሶ ስለመጣ አወቅን። አጭበረበሩኝ ብሎ በዚያው የቀረውስ? ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው።

ጽሑፍ ለሚጽፍና ኢሜይል ለሚያይ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን ማዘርቦርዱ ሁሉ አንድ አይደለም፣ ትክክለኛው ስሎት የቱ እንደሆነ ከመመሪያው ማየት ያስፈልጋል። የነባሩ ራም ፍጥነት 2400፣ የአዲሱ 3200 ከሆነም ሁለቱ የሚሄዱት በዘገምተኛው ፍጥነት ነው፤ ለትርፉ ፍጥነት የከፈላችሁት ባክኖ ይቀራል። ማሽኑን ሳላይ ይህን እንዴት ልንገራችሁ?

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የምናስመጣው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል። አሁን ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት የመረጃ ማዕከላት የዓለሙን ራም እየጠቀለሉት ነው። በዚህ ዋጋ የገዛችሁት ዕቃ ግማሽ አቅሙ ተኝቶ ማየት አልችልም። 300 ብሩም ገጥመው ለሚፈትሹት ሁለት ወጣቶች ደመወዝ የሚውል ነው።

በ2001 ዓ.ም. ፒያሳ በአንዲት ጠባብ ክፍል ስጀምር የነበረኝ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጠመንጃ መፍቻ ነበር። ክፍሏ ስትፈርስ መገናኛ ድረስ ተከትላችሁኝ መጥታችኋል። ያን ውለታችሁን ይዤ ነው ዛሬም ሱቁን የምከፍተው፤ በ300 ብር ምክንያት እንዳንለያይ እለምናችኋለሁ።

በጥር ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁ፣ እስከ የካቲት 30 ብትመጡ የመግጠሚያ አንጠይቃችሁም። ከዚህ በፊት ከእኛ ገዝታችሁ ቤታችሁ የገጠማችሁም ካሱን ይዛችሁ ኑ፤ ራሙ የተሰካበትን ስሎት በነፃ አይተን እናስተካክላለን። ቅዳሜም እስከ 11 ሰዓት አለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት