ኮሌክሽን ተከፈለ ማለት ተፋቀ ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአሜሪካ ቤት መግዛትን አስመልክቶ ባወጣችሁት ጽሑፍ «ኮሌክሽን የገባውን ዕዳ ከፍላችሁ ክሬዲታችሁን አጽዱ» የሚል ምክር አለ። ኮሌክሽን ማለት በጊዜው ሳይከፈል ቀርቶ ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ ነው፤ ክሬዲት ደግሞ የሰው የብድር አከፋፈል ታሪክ። መክፈሉ ባይከፋም መዝገቡን ግን አያጸዳም። አበዳሪዎች የተበዳሪን ክሬዲት በነጥብ ከሚመዝኑባቸው የፋይኮ ቀመሮች በስፋት የሚሠራበት ፋይኮ 8 የተከፈለውንም ኮሌክሽን ይቆጥረዋል፤ ፋይኮ 9 ይተወዋል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመላክ በፊት አበዳሪው በየትኛው እንደሚመዝን መጠየቅ ነው።

ዋናው ነገር ቀኑ ነው። ክፍያ ጥቂት ቀን ቢዘገይ መቀጮ ያስከትላል እንጂ 30 ቀን ካልሞላው ወደ ክሬዲት ቢሮዎቹ፣ ማለትም የሰውን የብድር ታሪክ መዝግበው ሪፖርት ወደሚያወጡት ድርጅቶች፣ አይተላለፍም። ከዚያ ወዲያ ካልተስተካከለ መዝገቡ፣ መጀመሪያ ክፍያ ከተቋረጠበት ቀን አንስቶ 7 ዓመት ያህል ይቀመጣል። ዕዳው ለሌላ ሰብሳቢ ሲሸጥ በሪፖርቱ ላይ አዲስ የመክፈቻ ቀን ስለሚታይ ብዙ ሰው ይደናገጣል፤ ዕዳው ሦስት ጊዜ ቢሸጥም ሆነ ግማሹ ቢከፈል የ7 ዓመቱ ቆጠራ እንደ አዲስ አይጀምርም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ በብዙ ስቴቶች ለቆየ ዕዳ 20 ዶላር እንኳ መክፈል ሰብሳቢው የሚከስበትን የይርጋ ጊዜ እንደገና ሊያስጀምረው ይችላል።

ለእኛ ደግሞ የስም ጣጣ አለብን። የአባት ስም አንዴ በአንድ ኤስ፣ አንዴ በሁለት ይጻፋል፤ የአያት ስም ለቤተሰቡ ሁሉ መጠሪያ ይሆናል፤ በስደት ከገባው ሰው የብዙው የልደት ቀን ጃንዋሪ 1 ነው። የአንዱ ዕዳ ሌላው ፋይል ውስጥ ቢገኝ ምን ይደንቃል?

ሪፖርቱን ከሦስቱ ክሬዲት ቢሮዎች፣ ከኢኩፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን በየሳምንቱ በነጻ በአኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ማየት ይቻላል። ስህተቱ በሦስቱም ላይ ካለ ለሦስቱም ለየብቻ ይጻፋል፤ አንዱ ስላረመ ሌላው ያርማል ማለት አይደለም። የመታወቂያ ቅጂ፣ አድራሻ የሚያሳይ ቢል፣ ስህተቱ የተከበበበት ገጽ አያይዛችሁ መላኩና መድረሱ በሚረጋገጥበት በሰርቲፋይድ ፖስታ ላኩ። ቢሮው አጣርቶ የሚጨርስበት ጊዜ በመደበኛው 30 ቀን ነው። «የእኔ አይደለም» ብቻ ተብሎ ያለ ማስረጃ የሚላክ ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ «ተረጋግጧል» ተብሎ ይመለሳል።

«መጥፎውን ሁሉ አስፍቃለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚቀበል የክሬዲት ጠጋኝ ሲገጥማችሁ አትክፈሉ። ሥራውን ሳይጨርስ ማስከፈል በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። እውነተኛ መዝገብ ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ እንዲፋቅ ማስገደድ እሱም አይችል።

አንባቢያችሁ